ጉልበቷን ማን ጠየቀ?

ቋንቋችን ለአንድ የአካል ክፍልና ለአንድ ትልቅ ሐሳብ አንድ ቃል ብቻ መድቦላቸዋል። ጉልበት እግር የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ነው፤ ጉልበት ኃይልም ነው። ድንጋይና ሲሚንቶ የሚሸከመው ሰው ጉልበት ሠራተኛ ይባላል፤ ደካማውን የሚገፋው ጉልበተኛ ነው፤ ሽማግሌ የሚከበረው ጉልበቱ ተስሞ ነው፤ የተሸነፈ ደግሞ ይንበረከካል። ግጥም መሞከር ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ቃል በየስንኙ ስሰነቅረው ኖሬያለሁ። ሰሙንና ወርቁን ለይቼ ያየሁት ግን እናቴ ቡና አፍልታ ስትጨርስ ከበርጩማዋ ለመነሣት ሁለት እጇን ወለሉ ላይ አሳርፋ፣ ጥቂት ቆይታ፣ "ወይ ጉልበቴ!" ያለች ዕለት ነው። የትኛውን ጉልበት ማለቷ እንደ ነበር ያን ጊዜ አልጠየቅኋትም።

አለመጠየቄ ነው ይህን ያስጻፈኝ። ለግጥምና ለልብ ወለድ ወዳጅ ስለ ስፖርት መሣሪያ መጻፍ ምን የሚሉት ነው የሚለኝ አይጠፋም። ይታገሠኝ። የማነሣው ነገር የሚገዛና የሚሸጥ ዕቃ ይምሰል እንጂ ውስጡ የአንዲት ሴት መነሣትና መቀመጥ፣ መውጣትና መውረድ፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለምና መቅረት አለ። ሙግቴ ከሻጩ ጋር ነው፤ ከአንድ ባለቅኔ ወዳጄም ጋር ነው፤ ይበልጡን ግን ከራሴ ጋር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። እናቴ ስልሳዎቹን አጋምሳለች። የቀኝ ጉልበቷ ሲያማት ቆይቶ ግራውም ተከተለ። ጎረቤቱ ሁሉ "ቅባቱ አልቆ ነው" ይላታል፤ እሷም አምናለች። ቅባቱ ያለቀ ማሽን ምን ይደረጋል? ይቆማል። እሷም ቀስ በቀስ ቆመች፤ መጀመሪያ ገበያ ቀረ፣ ቀጥሎ ዕድር፣ ቀጥሎ የሰንበት ቅዳሴ። እኔ በበኩሌ ቀኑን ሙሉ ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ የምቆጥር ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ሒሳቡ የተከፈለ ነገር ሁሉ የተዘጋ ይመስለዋል። ጥቂት ወር ቆጠብኩ፤ ዕቁቡም ወጣልኝ፤ ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ቅዳሜ ትሬድሚል ልገዛላት ወጣሁ።

ሻጩ ትሑት ወጣት ነበር። ሳሎናችን ስንት በስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። ጥቁሩ ይሻለኝ እንደሆነ ወይስ ግራጫው ጠየቀኝ። ስክሪኑ ሙዚቃ እንደሚያጫውት አሳየኝ። በመጨረሻም ትልቅ ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሁለት የፈረስ ጉልበት አለው" አለኝ። እኔም ነገሩ የገባኝ መስዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

እነሆ የፈረሱ ጉልበት ተለክቶ ተነገረኝ፤ የእናቴን ጉልበት የጠየቀ ግን አልነበረም። የሚብሰው የትኛው ነው? የሚያማት ስትነሣ ነው ወይስ ደረጃ ስትወርድ? ይከዳታል ወይ? ምንም ሳትይዝ በአንድ እግሯ ለጥቂት ሰከንድ መቆም ትችላለች? ያብጣል፣ ይሞቃል? ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ስንት ደቂቃ ይተሳሰራል? ሻጩ አልጠየቀም፤ መሸጥ ሥራው ነውና ይቅር ልለው እችላለሁ። እኔስ? ለአንዲት ቼክ የፊርማ ናሙና አመሳክሬ፣ መታወቂያ አገላብጬ፣ ፎቶውን ከፊት አስተያይቼ የምከፍል ሰው፣ ለእናቴ እግር አንድ ጥያቄ አልነበረኝም።

ማሽኑን አራት ጉልበት ሠራተኞች ተሸክመው አወጡት። ሦስተኛው ፎቅ መዞሪያ ላይ አንደኛው፣ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው፣ "አንዴ አሳርፉት" አሉና ግድግዳውን ተደግፈው ጉልበታቸውን ያሹ ጀመር። "አይዞዎት አባቴ፣ አንድ ፎቅ ብቻ ነው የቀረው" አልኳቸው። "ለእርስዎ ነው አንድ፤ ለኛ ገና መመለሻው አለ" አሉኝ። ቀጥለውም ዕቃው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ለጉልበት ሕመም የሚሆን መራመጃ እንደሆነ ነገርኳቸው። ማሽኑን አዩ፣ ደረጃውን አዩ፣ እኔን አዩ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ድርሻቸውን አነሡ። ጉርሻ ጨመርኩላቸው። ያ ጉርሻ እስካሁን ከኪሴ የወጣ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ማሽኑ ልመለስ። ሰው መሬት ላይ ሲራመድ ፍጥነቱ የራሱ ነው፤ ጉልበቱ ከከዳው ይቆማል፣ መሬቱም አብሮት ይቆማል። ትሬድሚል ላይ የሚሄደው መንገዱ ነው፤ ሰው ይከተላል። በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ለእኔ ከመቆም አይለይም፤ ጉልበቷን ለማታምን ሴት ግን ከእግሯ ሥር የሚሸሽ ምድር ነው። ለቤት ተብለው የሚሠሩት ደግሞ ብዙዎቹ ቀበቷቸው ጠባብ፣ የጎን መያዣቸው አጭር ነው፤ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ከቀረ እጁ የሚጨብጠው የለም። ለዚህ ሲባል ከልብስ ጋር የሚያያዝ ክር ያለው ቁልፍ አብሮ ይሰጣል፤ ሰው ወደ ኋላ ሲቀር ክሩ ይሳብና ማሽኑ ይቆማል። እኔ ቁልፉን ቦታው ላይ ሰክቼ ክሩን ማሽኑ ላይ ጠቅልዬ አስሬው ነበር፤ እንዳይጠፋ ብዬ።

በሦስተኛው ቀን ቀኝ ጉልበቷ ከዳት። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ስደርስ ተንበርክካ የፊተኛውን ዘንግ በሁለት እጇ ይዛ ነበር፤ ቀበቶው ከጉልበቷ ሥር ይሄዳል። አጥንት አልተሰበረም። ሁለቱም ጉልበቷ ተልጦ ሁለት ሳምንት አብጦ ከረመ። እብጠቱ ሲለቅ የቀረባት ሌላ ነገር ነበር፤ ለወራት ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ካልሆነ አልተራመደችም። እግዚአብሔር በማሽን በኩል ያስጠነቀቃት መሰላት። "ቅባቱ አልቆ ነው አላልኩህም?" አለችኝ። ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ትከታተል ጀመር፤ ስግደት ሲመጣ አንገቷን ብቻ ዝቅ ታደርጋለች።

ይህን ያወቀ ባለቅኔ ወዳጄ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። የእሱ ክርክር አጭር ነው፦ ቤት ውስጥ ዕቃ ገዝቶ ስፖርት መሥራት ከውጭ የተቀዳ የከተማ ጌጥ ነው፤ አያቶቻችን ትሬድሚል ሳያውቁ ኖረዋል። በቃላት ያጌጠ ክርክር ነው። አያቶቻችንስ ያለ መሣሪያ ኖሩ? ሙቀጫና ዘነዘና ምን ነበሩ? እንስራ ምን ነበር? በጾም ወራት በየዕለቱ የሚሰገደው ስግደትስ? ካህናቱ በረጅሙ ማሕሌት ላይ የሚደገፉት መቋሚያ ለቆመ ሰው መገጣጠሚያ የተሠራ መሣሪያ ካልሆነ ምንድን ነው? በሌላ በኩል አያቶቻችን አልታመሙም የሚለው ነገር ከየት መጣ? የኔ አያት ጉልበቷን በጨርቅ አስራ "እህህ" እያለች ነው የሞተችው፤ ወጌሻው መጥቶ ያሽ ነበር እንጂ ሕመሟን የመዘገበ አልነበረም። የተለወጠው ኑሯችን ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ ዘነዘናውን ወስዶ ደረጃውን ተወልን። ሥራው ከቀረ ለሰውነት የሥራ ምትክ መፈለግ ጌጥ አይደለም።

በአንድ ነገር ግን ወዳጄን ላስደስተው። ትሬድሚል ቅድመ አያቱ የእስር ቤት ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1818 ዊልያም ኪዩቢት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እስረኞች በአንድነት እየወጡ የሚያሽከረክሩት ባለ ደረጃ መንኮራኩር ለቅጣት እንዲውል አቀረበ። ሰው ይወጣል፣ ደረጃው ይወርዳል፤ ሁልጊዜ ይወጣል፣ የትም አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ1895 ኦስካር ዋይልድ የሁለት ዓመት እስራት ከከባድ ጉልበት ሥራ ጋር ሲፈረድበት ይህንኑ መንኮራኩር ቀምሷል። ያን የመሰለ ዓረፍተ ነገር የሚያበጅ ሰው እግሩን ለማይደርስ ደረጃ ሲገብር ይታያችሁ! እርግጥ ነው የዛሬው ማሽን የያኔው አይደለም፤ ታሪኩም ስለ ጉልበት ሕመም አንዳች ማስረጃ አይሆንም። ያነሣሁት እናቴ በተንበረከከችበት ማታ ስለ ትዝ አለኝ ብቻ ነው።

ለእውነት ያህል ትሬድሚል ለሁሉም ክፉ አይደለም። ሚዛኑን የሚጠብቅ፣ ጉልበቱ የማይከዳው፣ በሜዳ ሲራመድ የሚሻለው ሰው፣ ሰፊ ቀበቶና ረጅም የጎን መያዣ ያለውን መርጦ፣ ሳያዘነብል በለጥ ያለ ወለል ላይ በዝግታ ቢሄድበት ይጠቀማል። መብራት እስኪጠፋ ድረስ ማለቴ ነው። የሚያናድደኝ "ለጉልበት ሕመም ተስማሚ" የሚለው ወረቀት በየዕቃው ላይ መለጠፉ ነው። በትሬድሚሉ ላይ ተለጥፏል፤ ቆመው የሚንቀጠቀጡበት ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ በሁለት እግር እየተፈራረቁ የሚረግጡት ስቴፐር ላይም ተለጥፏል፤ ይህ የመጨረሻው ደግሞ በታጠፈ ጉልበት ላይ መላ የሰውነት ክብደትን የሚጭን፣ ደረጃ መውጣት ለሚያማት ሴት ደረጃውን ሳሎን ድረስ የሚያመጣ ዕቃ ነው! የትኛው ጉልበት? የማን? በምን ምክንያት የታመመ? እኛ አገር መገጣጠሚያን ያመመ ነገር ሁሉ ስሙ "ሪህ" ነው፤ በዚህ አንድ ስም ሥር ግን የማይገናኙ በሽታዎች ይኖራሉ። ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚተሳሰር፣ የሚሞቅና የሚያብጥ መገጣጠሚያ ያለው ሰው ከሱቅ በፊት ሐኪም ቤት ነው መሄድ ያለበት፤ ስሙ ላልታወቀ ሕመም መሣሪያ አይመረጥምና።

የእናቴ ሕመም ስም አለው፤ በዕድሜና በጫና የሚመጣው አርትራይተስ ነው። ስሙን ያወቅነው ከውድቀቷ በኋላ፣ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ስንሄድ ነው። ባለሙያዋ ስለ ማሽን ከመናገሯ በፊት "እማማ፣ የሚብስብዎት ሲወጡ ነው ሲወርዱ?" ብላ ጠየቀች። እናቴ ወደ እኔ ዞር አለች፤ ከዚያም "ሲወርዱ" አለች፤ ቀጥላም "ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም" አለች። እኔ መስኮቱን እያየሁ ነበር።

"ቅባቱ አልቋል" የሚለውን እምነቷን ያፈረሰችውም እሷ ናት። በአጥንቶቹ ጫፍ ላይ ካርቲሌጅ የሚባል ለስላሳ ሽፋን አለ፤ ይህ ሽፋን የራሱ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው፤ ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፣ ሲለቁት መልሶ ይመጣል። እንግዲህ "አርፈሽ ተቀመጪ" ስንላት የኖርነው ምን ማለታችን ነበር? ጉልበቷን እያስራብን ነበር። መቀመጡ ጭኗንም አሟሸሸው፤ ጉልበትን ደግፎ የሚይዘው ደግሞ የጭን ጡንቻ ነው። ጭኑ ሲደክም ጉልበቱ ይከዳል፤ ጉልበቱ ሲከዳ ሰው ይፈራል፤ ሲፈራ ይቀመጣል። ከዚህ አዙሪት አንዱን ቀለበት መበጠስ የሚችል ዕቃ ነው መሣሪያ የሚባለው፤ የፈረስ ጉልበቱ ብዛት አይደለም።

ያስገረመኝ ሌላ ነገር ላክል። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅና የአርትራይተስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት መመሪያ ለጉልበት አርትራይተስ የአካል እንቅስቃሴን አጥብቆ ይመክራል፤ ክብደት መቀነስንም፣ ታይቺ የተባለውን የቻይናዎች ዝግ ያለ እንቅስቃሴም፣ ምርኩዝንም ሳይቀር አጥብቆ ይመክራል። ከእንቅስቃሴ ዓይነቶች መካከል ግን ይህኛው ከዚያኛው ይበልጣል ብሎ አልደረደረም፤ ለመደርደር የሚበቃ ማስረጃ አልተገኘምና። ሊቃውንቱ ያልደፈሩትን የደረደረው ሻጩ ነው። ክብደትን ካነሣሁ ዘንድ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና እንደሚያቃልል አሳይቷል። እኔ እንዲህ ያለ ወለድ የሚከፍል ባንክ አላውቅም።

ታዲያ ባለሙያዋ ምን አዘዘች? ወንበር። የምግብ ጠረጴዛችንን ወንበር! ሁለት ብርድ ልብስ አጥፈን አናቱ ላይ አደረግን፤ መቀመጫው ከፍ ባለ ቁጥር ጉልበት የሚታጠፈው በትንሹ ነውና። ወንበሩን ከግድግዳ አስጠጋን። ከዚያ ያለ እጅ መነሣት፣ በዝግታ መቀመጥ። በመጀመሪያው ቀን አምስቴ ተነሣች። ከሳምንታት በኋላ አንዱን ብርድ ልብስ አወጣን። ቀጥሎ ከወንበሩ እግር ጋር የሚታሰር ላስቲክ መጣ፤ ተቀምጣ እግሯን ወደ ፊት ትዘረጋበታለች። የላስቲኩ ቀለም ጥንካሬውን ያመለክታል፤ የአንዱ ፋብሪካ ቀይ ግን የሌላው ቀይ ላይሆን ስለሚችል ስቦ መሞከር እንጂ ቀለሙን አምኖ መግዛት አይገባም። ዳምብል እንግዛላት ብዬ ነበር፤ የእናቴ ጣቶችም እንደሚያሟት ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ዓመቱን ሙሉ ክዳን ክፈትልኝ ስትለኝ ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ጣቱ ለሚያመው ሰው የብረት ክብደት መጨበጥ ሌላ ሕመም መግዛት ነው፤ ላስቲኩን እግር ላይ አጥልቆ መሥራት ይሻላል።

ሕጓ ደግሞ ቀላል ነበረች። ሲሠሩ ትንሽ ቢያም አያስፈራም፤ በማግሥቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ መቀጠል፣ በማግሥቱ ብሶ ካደረ መቀነስ፣ ካበጠና ከሞቀ ማቆምና መታየት። ይህች ሕግ በየማሽኑ ላይ ብትለጠፍ ኖሮ ከዚያ ሁሉ ማስታወቂያ በጠቀመች።

ብስክሌቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ወደ ውጭ የሚሄድ ቤተሰብ ያገለገለ ዕቃውን ሲሸጥ ሰማሁና እናቴን ይዣት ሄድኩ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ይዣት ሄድኩ! ቆሞ የማይሄደውን፣ ወንበሩ መደገፊያ ያለውን፣ ፔዳሉ ከፊት የሆነውን ዓይነት ነበር የፈለግነው። መጀመሪያ ያየሁት ሞተሩን አልነበረም፤ ሞተርም አልነበረውም፤ መብራት ጠፋ መጣ አይገደውም። ያየሁት እግሯን ሳታነሣ መሐሉን አልፋ መቀመጥ መቻሏን ነው። ከዚያ ወንበሩ መሳብና መጠጋት መቻሉን አየን፤ ፔዳሉ ሩቅ ሲደርስ እግሯ ሊዘረጋ ጥቂት ብቻ ሲቀረው ልክ ነው። ወንበሩ ከቀረበ ጉልበት አለልክ ይታጠፍና የጉልበት ሎሚዋን ይጫናታል፤ ብዙ ሰው ብስክሌት ጉልበቴን አሳመመኝ የሚለው ብስክሌቱን ሳይሆን ወንበሩን ነው መክሰስ ያለበት። ቆመው የሚሄዱበት ኤሊፕቲካልም እዚያው ነበር፤ እግር ከፔዳሉ ስለማይነሣ ምቱ የለስላሳ ነው፤ ነገር ግን ሚዛን ይጠይቃል፣ የእርምጃውም ርዝመት በማሽኑ የተወሰነ ነው፤ አጭሯ እናቴ ወጥታ ስትሞክረው ጅራፍ እንደ ያዘች ፈረሰኛ ሆነች፤ ራሷ ሳቀች። ከወደቀች በኋላ በማሽን ላይ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ባለቅኔው ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ "እኛ የሯጮች አገር ሰዎች ተቀምጠን ፔዳል እናሽከርክር?" አለኝ። መልሴ አበበ ቢቂላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ማሸነፉን የማያወሳ የለም። እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ መወዳደሩን የሚያወሳ ግን ስንት ነው? ባለ ሁለት ወርቅ ሯጭ መሣሪያውን ሲለውጥ ክብሩ አልጎደለም። ለኛ ሳሎን ክብር ይጎድላል?

ለባለቅኔው ደስ እንዲለው አንዲት የራሴን ስንኝ ልወርውርለት፤ ቤት መምታቷን እንጂ ሌላ አልመሰክርላትም፦

ጉልበት አለኝ ብዬ ስመካ ከረምሁኝ፣
ጉልበት እንዳለኝም ሲያመኝ አወቅሁኝ።

በቤታችን ትልቁ ለውጥ ግን ብስክሌቱም አይደለም። በርጩማው ነው። እናቴ በቀን ሦስት ጊዜ ያን ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስትነሣ ኖራለች፤ አንዱም ሐኪም፣ አንዱም ልጅ፣ አንዱም ሻጭ አላየውም። ረከቦቱን አነስተኛ ጠረጴዛ ላይ አወጣን፤ እሷም በወንበር ተቀምጣ ታፈላለች። ጎረቤቶቻችን አኩርፈዋል። ቡና በወንበር ሥርዓት አይደለም አሉ። አንዷ ግን በሦስተኛው ሳምንት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ ጠረጴዛው የት እንደተገዛ ጠየቀቻት።

ተአምር አልነግራችሁም። ክረምት ሲገባ ዛሬም ያማታል። ደረጃውን የምትወርደው ደጋፊውን ይዛ፣ በየፎቁ ቆማ ነው። ምርኩዟን በቀኝ እጇ ትይዘው ነበር፤ ምርኩዝ የሚያዘው ከታመመው ጉልበት ተቃራኒ በሆነው እጅ እንደሆነ ስትሰማ ወደ ግራ አዛወረችው፤ "ስንት ዓመት በተሳሳተ እጅ!" አለች። በዓመታዊው ንግሥ ዕለት ግን ወርዳ ነበር። አልሰገደችም፤ ቆማ አስቀደሰች።

ትሬድሚሉ ሳሎን ጥግ ላይ አለ። ነጠላ ይሰጣበታል፤ በበርበሬ ወራትም ሰፌድ ይቀመጥበታል። ልሸጠው አሰብኩና ማስታወቂያ አወጣሁ። ባለፈው ወር አንድ ወጣት መጣ፤ ሁለት ተሸካሚዎች ከታች አስከትሏል። ዋጋውን አልተከራከረም። የሞተሩን ጉልበት ጠየቀኝ። "ለራስህ ነው?" አልኩት። "ለአባቴ ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል" አለኝ።

እናቴ ከቡናዋ ቀና አለች። "ተቀመጥ ልጄ" አለችው፤ "ሲወጡ ነው ሲወርዱ የሚያማቸው?"

ወጣቱ ወደ እኔ ዞረ። ተሸካሚዎቹን ከታች ጠርተን ቡና አጠጣናቸው። ማሽኑ እስካሁን እዚያው ነው።